ሰባ አንዱን ዓሣ ማን ገደለ?

ሉድቪክ ሩታር የደወሉልኝ እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ስልኩን ሳነሣ ለጥቂት ጊዜ ትንፋሻቸው ብቻ ተሰማኝ።

"ዝዴንካ፣ ልጄ፣ ቶሎ ድረሽ" አሉ በመጨረሻ። "አልቀዋል።"

"እነማን?"

"ዓሦቹ። ሰባ አንዱም።"

የምኖረው እዚያው ፖድስካላ መንደር ስለሆነ መኪና ሳላስነሣ በእግሬ ሮጥኩ። የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን የዓሣ ማራቢያ ከመንደሩ በላይ፣ ቤሊ ፖቶክ የምንለው ጅረት ከገደሉ ሥር ብቅ የሚልበት ቦታ ላይ ነው። የማራቢያው ጠባቂ ሉድቪክ ኮፍያቸውን በእጃቸው ጨብጠው ትልቁ ገንዳ ጫፍ ላይ ቆመዋል። አየሩ በረኪና በረኪና ይሸታል። ገንዳው እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ውሃው ግን ጸጥ ብሏል። ወለሉ ላይ ሰባ አንድ ዓሦች በጎናቸው ተኝተዋል፤ አንዳንዱ ክንዴን ያህላል። ያ ዕብነ በረድ የመሰለ ዥጉርጉር ቆዳቸው ገርጥቶ፣ ኖራ የተቀባ መስሏል።

የሶቻ ትራውት የሚባለው ይህ ዓሣ ከእኛው የሶቻ ወንዝና ከጥቂት ጎረቤት ወንዞች በቀር በዓለም ላይ አይገኝም። አያቶቻችን ከሌላ አገር ያመጡት ዓሣ ከእሱ ጋር ተዳቅሎ፣ ንጹሑ ዘር ጠፋ ተብሎ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሉድቪክ ወገባቸውን በገመድ ታስረው ከአንድ ፏፏቴ በላይ ወጡና፣ እንግዳው ዓሣ ሊደርስበት ባልቻለ ጅረት ውስጥ የቀሩትን ጥቂቶች አገኙ። በባልዲ ተሸክመው አወረዱ። እንቁላሉን በእጃቸው አስፈለፈሉ፤ ወንዙንም መልሰው ሞሉት። ዛሬ ከየአገሩ ዘንጉን ይዞ የሚመጣው ሰው፣ አንድ ትልቅ የሶቻ ትራውት ጥርስ በሌለው መንጠቆ ይዞ፣ አይቶ፣ መልሶ ለመልቀቅ ነው የሚመጣው። ሸለቆው የሚኖረው በእነዚህ ዓሦች ነው። ገንዳው ውስጥ የነበሩት ደግሞ ለዘር የተያዙት ናቸው፤ ሁለት ሳምንት ቢቆዩ እንቁላል ይጥሉ ነበር።

ሉድቪክ የክርስትና አባቴ ናቸው። ዘንግ አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። መርማሪ ፖሊስ ነኝ፤ በዚያች ጠዋት ግን ምርመራውን ለሌላ ሰው አስረክቤ ዘወር ማለት ነበረብኝ። አላደረግኩትም። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው፤ ሌሎቹንም በየተራቸው እናገራለሁ።

"ለመጨረሻ ጊዜ ያዩዋቸው መቼ ነው?" አልኳቸው።

"ትናንት፣ ወደ ግብዣው ከመምጣቴ በፊት። ስድስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ደህና ነበሩ።"

"ከግብዣው በኋላስ?"

"ከዚያ በኋላማ አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ወይኑ እግሬ ላይ ወርዶ ነበር። ቀጥ ብዬ ቤቴ ገባሁ።"

አውቀዋለሁ። ቅዳሜ የቅዱስ ማርቲን በዓል ነበር፤ አዲሱ ወይን ጠጅ የሚቀመስበት ቀን። የማኅበሩ አባላት በሙሉ በሪሃርድ ጎልያ ሆቴል ውስጥ ዝይ ጥብስና ቀይ ጎመን ፊታችን ደርድረን ተቀምጠናል። እኔ ከሉድቪክ አጠገብ ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ "አንዴ ወጣ ብዬ ልምጣ" ብለው ተነሡ። እኔ ደግሞ ኮታቸውን ጎትቼ፣ "ይቀመጡ እንጂ! ዓሣ ውሃ ውስጥ ሞቶ ያውቃል?" ስል ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። ብርጭቋቸውን እስከ አፉ ሞላሁት። እሳቸውም ተቀመጡ። ደብተሬ ላይ ግን የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፦ "ከሰባት ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ሉድቪክ ሩታር ሆቴል ነበሩ። ምስክር፦ እኔ።"

የሥራ ባልደረባዬ ሳጅን ፌርዶ ከቶልሚን ከተማ ሲደርስ አካባቢውን አየን። የዕቃ ቤቱ ጓጉንቸር ተቆርጦ ወድቋል። ገንዳ የምናጥብበት፣ በረኪና የሚሸተው የክሎሪን ዱቄት ከረጢት ባዶውን ሣር ላይ ተጥሏል። ከገንዳው ጎን ጭቃው ላይ ደግሞ የቦት ጫማ ዱካ አለ፤ የቀኝ ተረከዙ ጥጉ ተቦጭቋል።

"ይህችን ተረከዝ ሰው ሁሉ ያውቃታል" አለ ፌርዶ። "ባለፈው ዓመት ፎቶ አንሥቻታለሁ። የጺሪል ኮፎል ናት።"

ጺሪል አብሮ አደጌ ነው፤ ደን ቆራጭ ነው። ያለ ፈቃድ ሲያጠምድ ሦስት ጊዜ ተይዟል። ባለፈው ጸደይ ሉድቪክ ዘንጉን ሲነጥቁት፣ "አንድ ቀን ዓሦችህ ሆዳቸውን ገልብጠው ይጠብቁሃል!" ብሎ በአደባባይ ጮኾባቸዋል። ሸለቆው በሙሉ ሰምቷል።

ወደ መንደር ስወርድ ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። የሰዉ ፊት ተቀይሯል። ሪሃርድ ጎልያ፣ የሆቴሉ ባለቤትና የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

"ምን ትጠብቂያለሽ ዝዴንካ? ሌላ ሰው ቢሆን እስካሁን ታስሮ ነበር!"

ቅዳሴ እስኪያልቅ እንኳ እቤቱ ሄጄ ልጠብቀው እችል ነበር። እኔ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር ቆምኩ። ጺሪል ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን እናቱን፣ እማማ ፓቭላን፣ ክንዳቸውን ይዞ ወጣ።

"ጺሪል ኮፎል!" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማኝ። "የማኅበሩን ዓሦች መርዘህ በመግደል ተጠርጥረሃል። እጅህን አምጣ!"

ካቴናው ጠቅ ሲል ከኋላ የሆነ ሰው አጨበጨበ። እናቱ የልጃቸውን ኮፍያ ከመሬት አንሥተው ደረታቸው ላይ ያዙት። ሉድቪክም ከሰዉ መካከል ነበሩ፤ መሬት መሬት ያያሉ። ሐዘናቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

በጺሪል መኪና ውስጥ ትልቅ የብረት መቁረጫ አገኘን።

*

"ቅዳሜ ከሰዓት የት ነበርክ?" ጣቢያ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠናል።

"ገንዳው ጋ።"

ፌርዶ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። "በቃ፣ አመነ!"

"ምኑን ነው ያመንኩት? የት ነበርክ አላችሁኝ፤ ነገርኳችሁ። አሥር ሰዓት ገደማ።"

"ምን ልትሠራ?"

"ልሰርቅ ነዋ! ሁላችሁም ለማርቲን እየጠጣችሁ ማን ያየኛል ብዬ። ዝዴንካ፣ አብረን ነው ያደግነው። እሰርቃለሁ እንጂ አልዋሽም፤ ይህንን ታውቂያለሽ።"

"እሺ፤ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሳይ ውሃው የለም። ስንዝር አይሞላም። ዓሦቹ ጀርባቸው አየር ላይ ወጥቶ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የመግቢያው ቧንቧ ድምፁ ጠፍቷል።"

"ዛሬ ጠዋት ገንዳው ሙሉ ነበር።"

"የዛሬን እኔ ምን አውቃለሁ? ያየሁትን ነው የምነግርሽ። ወደ ውሃ መግቢያው ክፍል ሮጥኩ፤ በሩ ወፍራም ብረት ነው፣ ተቆልፏል። በትከሻዬ ገፋሁት፣ አልሆነም። ከዚያ በሩጫ ሆቴል ወረድኩ። ሪሃርድን በር ላይ አገኘሁት። 'ውሃው ቆሟል፣ ሉድቪክን ጥራልኝ' አልኩት። 'ሂድ ወዲያ ሰካራም፣ ዝይ ሸትቶህ ነው የመጣኸው' አለና በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው።"

"ሌላ ማን ሰማህ?"

"ማን ይሰማኛል? እናንተማ እየዘፈናችሁ ነበር።"

ሆቴል ሄጄ ሪሃርድን ጠየቅኩት። ብርጭቆ እየወለወለ ነበር።

"ጺሪል? ቅዳሜ? ኧረ በጭራሽ! ዓይኔም አላየውም።"

ተመልሼ ይህንን ለጺሪል ስነግረው አጭር ሳቅ ሳቀ። "እንግዲያው ጨርሰናል" አለ።

*

ሰኞ ጠዋት ፌርዶ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። "ሪሃርድም ቅዳሜ ከግብዣው ለአርባ ደቂቃ ጠፍቶ ነበር። አስተናጋጇ ናት የነገረችኝ። ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከሉድቪክ ጋር ሲጣላ ነው የከረመው።"

እውነት ነው። ሪሃርድ ቶሎ የሚያድግና ቶሎ የሚያዝ የውጭ ዓሣ ወንዙ ውስጥ ይጨመር ባይ ነበር። እንግዳ አንድም ሳያጠምድ ሲመለስ እሱ ነው የሚወቀሰው። ሉድቪክ ደግሞ፣ "በሬሳዬ ላይ!" ብለውታል፣ በስብሰባ መሐል። ንጹሑ ዘር ካለቀ የሪሃርድ መንገድ ይጠረጋል ማለት ነው።

ግማሽ ቀን እሱን ስንከታተል ዋልን። አርባዋ ደቂቃ ግን ቀላል ነገር ሆና ተገኘች፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ሁለት የጣሊያን እንግዶችን ለመቀበል ባቡር ጣቢያ ሄዶ ነበር። እንግዶቹን አናገርኳቸው፣ የጣቢያውን ሠራተኛም ጠየቅኩ። ሁሉም መሰከሩለት። ገንዳው ጋ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ አልነበረውም።

"ስለዚህ ጺሪል ነው" አለ ፌርዶ።

"ስለዚህ ጺሪል ነው" አልኩ እኔም። እናቱ ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠዋል። በመስኮት እያየኋቸው በኋላ በር ወጣሁ።

*

ከሰዓት በኋላ ታዴያ የምትባለው የዓሣ ሐኪም ደወለች። የሞቱትን እሷ ጋ ልከናቸው ነበር።

"ነይና በዓይንሽ እይ" አለችኝ።

ጠረጴዛዋ ላይ ዓሦቹን በረድፍ ደርድራቸዋለች። አንዱን ጠጋ አደረገችልኝ። ዓይኑ እንደተቀቀለ እንቁላል ነጭ ነው።

"አሁን ገልብጪው።"

ገለበጥኩት። በዚያኛው ጎን ያለው ዓይን ጥቁርና ጥርት ያለ ነው። ቆዳውም ገና ከወንዝ የወጣ ይመስላል።

"ሌላውንም ገልብጪ። የፈለግሽውን።"

አምስት ገለበጥኩ፤ ስድስት። ሁሉም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የነጣው።

"ምን ማለት ነው?"

"በሕይወት ያለ ዓሣ መርዝ ሲያገኘው ያብዳል። ይወራጫል፣ ይዘላል፣ ይገለባበጣል። ሁለቱም ጎኑ ነው የሚቃጠለው። እነዚህ ግን ወለሉ ላይ ተኝተው፣ ከላይ ያለው ጎናቸው ብቻ ነው የተቃጠለው። በረኪናው ሲፈስባቸው ከሞቱ ቆይተዋል ዝዴንካ።"

"ታዲያ በምን ሞቱ?"

"አየር አጥተው። አፋቸውን አላየሽም? እንደተከፈተ ነው የደረቀው። ውሃ ሲቋረጥ ወይም ሲያንስ እንዲህ ይሆናል።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስንዝር አይሞላም ብሎኝ ነበር።

"ሌላም ነገር አለ" አለች ታዴያ። "ከገንዳው በታች ያለውን ጅረት ፈትሼዋለሁ። ያን ሁሉ ክሎሪን ያፈሰሰ ሰው ጅረቱንም መግደል ነበረበት። ግን ሕያው ነው፤ ትንንሾቹ ዓሦች ይዋኛሉ፣ ከድንጋይ ሥር ያሉት ትላትል እንኳ ደህና ናቸው። ሰውየው ማፍሰስ ከመጀመሩ በፊት የገንዳውን ውሃ መውጫ ወደ ቆሻሻ ውሃ ጉድጓዱ አዙሮታል። አንዲት ጠብታ ጅረቱ ውስጥ አልገባችም።"

ጓንቷን አወለቀች። "ይህ ምን ዓይነት ጠላት ነው? ሰባ አንዱ ላይ መርዝ እያፈሰሰ ለጅረቱ የሚሳሳ?"

ውስጤ አውቆ ነበር። አውቆ፣ መንገዱን ለማስረዘም ሲል መጀመሪያ ወደ ሪሃርድ መራኝ።

*

ሪሃርድ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻውን ነበር። በሩን ከኋላዬ ዘጋሁት።

"ዓሦቹን ማንም አልመረዛቸውም" አልኩት። "ውሃ ተቋርጦባቸው ነው የሞቱት። ጺሪል ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ያየውን ነው የነገረኝ። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምጠይቅህ፤ መጥቶ ነበር?"

በእጁ የያዘውን መወልወያ ጨርቅ አጣጠፈው። ዘረጋው። መልሶ አጣጠፈው።

"መጥቶ ነበር።"

"ምን አለህ?"

"ውሃው ቆሟል፣ ሉድቪክን ጥራ አለኝ። እኔ ማላገጥ መስሎኝ... ያን ጊዜ ገና ይተነፍሱ ነበር፣ አይደል? ብነግራቸው ኖሮ ይተርፉ ነበር?"

"ሳይተርፉ አይቀሩም።"

"እሑድ ጠዋት በረኪና ተደፋባቸው ሲባል፣ እሰይ አልኩ። እኔ አይደለሁም ማለት ነው ብዬ።" ፊቱን በመወልወያው ሸፈነ። "ስትጠይቂኝ ምን ልበልሽ? ሊቀ መንበሩ ተነግሮት በሩን ዘግቶ ወይን ሲቀዳ ነበር ልበል?"

"ሰውየው ሁለት ቀን ታስሯል ሪሃርድ።"

"አውቃለሁ። እናቱ በዚህ ሲያልፉ ከመጋዘን አልወጣም።"

እኔም በኋላ በር መውጣቴ ትዝ አለኝና ልሰድበው ያሰብኩትን ዋጥኩት።

*

ሉድቪክ በር አልቆለፉም። ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የቀዘቀዘ የበቆሎ ገንፎ ፊታቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ መስኮቱን ግን ከርችመውታል።

"ተቀመጪ ልጄ።"

"የውሃ መግቢያው ክፍል ቁልፍ ስንት ነው?"

"አንድ።"

"ማን ጋ ነው ያለው?"

ከኪሳቸው አውጥተው ገንፎው አጠገብ አስቀመጡት። ሁለታችንም ቁልፉን አየን።

"ቅዳሜ ነፋሱ ቅጠሉን ሁሉ አወረደው" አልኩ። "ጅረቱ ወደ ቧንቧው የሚገባበት ወንፊት በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ቆመ። እሑድ ጠዋት እኔ ስደርስ ግን ገንዳው ሙሉ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ገብቶ ወንፊቱን ጠርጓል። ያለ ቁልፍ አይገባም።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የሄድኩት" አሉ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር። "ገና ጎህ ሲቀድ። ከበሩ ሳልደርስ ነው ያወቅኩት፤ ቧንቧው አይሰማም። ወንፊቱን በጣቴ ፈለፈልኩት። ውሃው ተመለሰ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ተንበርክኬ ጠበቅኩ። አንዷ እንኳ ብትንቀሳቀስ ብዬ። አንዷ እንኳ።"

"ከዚያ ክሎሪኑን አመጡ።"

"ከዚያ ሰው እንደሚመጣ አሰብኩ። ታዴያ፣ አንቺ፣ ሪሃርድ፣ የውጭ እንግዶቹ። ሁላችሁም ቆማችሁ፣ 'ሉድቪክ ሰክሮ ተኝቶ ገደላቸው' ስትሉ። ሠላሳ ዓመት ዝዴንካ! በጀርባዬ ነው ያወረድኳቸው። ጓጉንቸሩን ቆረጥኩ፣ መቁረጫውን ወንዝ ወረወርኩ።"

"የውሃ መውጫውን ግን አዞሩት።"

"እንዴ፣ ታዲያ ጅረቱን ልግደለው?" አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። የገረማቸው ጥያቄዬ ነበር።

"ጺሪልስ?"

ቁልፉን ወደ እኔ ገፉት።

"ማንንም የምታገኙ አልመሰለኝም። ማንም እንዳይሆን ነበር የፈለግኩት። አንቺ ከደረጃው ሥር ስትጮሂ እዚያው ነበርኩ። አፌን ልከፍት ነበር። እውነት ልከፍት ነበር። አሮጊቷ ጎንበስ ብለው ኮፍያውን ሲያነሡ ሳይ፣ አሁን ብናገር የባሰ ነው አልኩ። በየሰዓቱ ደግሞ ይብስ ጀመር።"

ከዚያ ሊነገር የሚገባውን ተናገርኩ።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንፊቱን ሊያዩ ነበር የተነሡት፣ አይደል?"

"አልተነሣሁም።"

"ኮትዎን ይዤ አስቀመጥኩዎት። ሰው ሁሉ ሳቀ።"

"እኔ አላስታውሰውም" አሉ። እጃቸውን እጄ ላይ ጫኑ። "አንቺም አታስታውሺው። ሥራ አለሽ። አንድ ሰው ይበቃል።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ቀን ቃላቸውን ስጽፍ ይህችን ክፍል አላስገባሁም። ማክሰኞም አላስገባሁም። ረቡዕ ጠዋት ነው፣ "መርማሪዋ ራሷ ጠባቂውን ከመሄድ አግዳዋለች፤ ይህንንም ሰውራለች" ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ ለአለቃዬ የሰጠሁት። አነበበና መታወቂያዬን ለአንድ ወር ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ ነገረኝ። ለአንድ ወር መታገድ ለእኔ ትንሽ ቅጣት ነበር።

ጺሪል የተፈታው ሰኞ ምሽት ነው። በሩን ፌርዶ ከፈተለት። እኔ ቢሮዬን ዘግቼ ተቀምጬ፣ ኮሪደሩ ላይ ኮቴው እስኪጠፋ አዳመጥኩ።

*

ታኅሣሥ ሲገባ ማኅበሩ ከፏፏቴው በላይ ካለው ጅረት አዲስ ለዘር የሚሆኑ ዓሦች ማውረድ ነበረበት። የሉድቪክን የድሮ መንገድ ግን ባለፈው ዓመት ናዳ ወስዶታል። ሌላ መንገድ የሚያውቅ ጺሪል ብቻ ነበር፤ ለምን እንደሚያውቀውም ሁላችንም እናውቃለን። ታዴያ ቤቱ ሄዳ ለመነችው።

"ለማኅበሩ ብዬ አይደለም" አላት። "ከላይኛው ጅረት በዘመኔ አሥራ አንድ በልቻለሁ። አሥራ አንዱንም አስታውሳቸዋለሁ። ለእነሱ ብዬ ነው።"

ባልዲ ተሸካሚ ሲፈለግ ሥራ ፈት ነበርኩና ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ከፊቴ ፊቴ ሄደ፤ ወደ ኋላ አንዴም አልዞረም። ገደሉ ላይ እግሬ ሲያዳልጠኝ እጁን ዘርግቶ አወጣኝ፤ ያኔም አላየኝም። አሥራ ዘጠኝ ዓሦች ይዘን ወረድን። ማራቢያው በር ላይ ስንደርስ ታዴያ፣ "አሁን እንቁላሉን ማን ይጨምቃል? እኔ በመጽሐፍ ነው የማውቀው" አለች። ጺሪል ባልዲውን አስቀምጦ ወደ መንደር ወረደ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሉድቪክን አስከትሎ ተመለሰ። ሽማግሌው ቃላቸውን ከሰጡ ወዲህ ከቤት ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ጺሪል ዓሣዋን ያዘላቸው፤ ሆዷን እሳቸው ጨመቁ። ብርቱካናማዎቹ እንቁላሎች ሳህኑ ላይ ወረዱ።

ሲጨርሱ ጺሪልን መንገድ ላይ ደረስኩበት። ዙሪያችን ዛፍ ብቻ ነው።

"ጺሪል" አልኩት፣ ዝግ ብዬ። "ይቅርታ አድርግልኝ። በደልኩህ።"

ቆመ። ግራና ቀኙን አየ።

"የወሰድሽኝ ከዚህ ነው?"

"አይደለም።"

"እዚህ እኮ የሚሰማሽ ዛፉ ብቻ ነው" ብሎኝ ሄደ።

በሚቀጥለው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሥር ቆምኩ። ሕዝቡ ወጣ፤ ሪሃርድ ወጣ፤ አየኝና አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ጺሪል እናቱን ይዞ ብቅ አለ። ቀድሜ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ ጺሪል ኮፎል ምንም እንዳላጠፋ፣ ዓሦቹን ለማዳን የሮጠ ብቸኛ ሰው እሱ እንደነበር፣ እኔ እየጠጣሁ ሌላውንም አስጠጥቼ እንዳስቀረሁ፣ ከዚያም ሳላጣራ እንዳዋረድኩት።

እማማ ፓቭላ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

"ምን አልሽ? አልሰማሁሽም።"

"ልጅዎ ምንም አላጠፋም። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አልኩ።

"ልጄን ስትወስጂው ድምፅሽ እስከ ደወሉ ማማ ይሰማ ነበር" አሉ። "ዛሬ ምን ነካሽ? ታመምሽ እንዴ?"

ደረቴን ሞልቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ስለ ብርጭቆውም፣ ስለ ኮቱም፣ ስለ ካቴናውም፣ አንዱንም ሳላስቀር ጮክ ብዬ ተናገርኩ። በመንገዱ ማዶ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ከፊቴ ሳይነቅሉ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

"አሁን ተሰማ" አሉ። የልጃቸውን ክንድ ይዘው፣ እያንዳንዷን ደረጃ በዝግታ እየረገጡ፣ በአጠገቤ አልፈው ወረዱ።